የቤዝ ጊታር ተጫዋች በወለጋ ከተሞች፤ ስለ መሣሪያው አያያዝና ስለ ማታ ጨዋታ

(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)

አንባቢ ሆይ፤ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ከመሥሪያ ቤትህ ወጥተህ፣ ራትህን በልተህ፣ ከባልንጀሮችህ ጋር ሙዚቃ ወዳለበት ሆቴል ብትገባ ዐይንህ መጀመሪያ የሚያርፈው በዘፋኙ ላይ ነው። ቀጥሎም ኪቦርዱንና ሊድ ጊታሩን ታያለህ። ከኋላ፣ ከከበሮው አጠገብ ቆሞ አራት ወፋፍራም ክሮች የሚመታውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ ልብ ሳትለው ትወጣለህ። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ለጥቂት ጊዜ እጁን ያነሣ እንደ ሆነ ጭፈራው ይላላል፤ ዘፈኑም ባዶ ይሆናል። የቤት መሠረት ከመሬት በታች ስለ ሆነ አይታይም፤ ነገር ግን ቤቱን የተሸከመው እርሱ ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ሰውና ስለ መሣሪያው ነው። ቀን በጽሕፈት ቤት ውሎ ማታ ከባንድ ጋር የሚጫወት ይጠቀምበታል፤ ልጁ «ቤዝ ጊታር ግዛልኝ» ብሎ የሚያስቸግረው አባትም ይጠቀምበታል፤ ባለ ሆቴሉም ቢያነበው አይጐዳም። ዋናው ቃላችን እንዲህ ነው፤ በክፍለ ሀገር ከተማ የሚጫወት ሰው ገንዘቡንና ሐሳቡን በመሣሪያው ስምና ጌጥ ላይ ከሚያውል፣ በጨዋታው መካከል ሊሰናከሉ በሚችሉት ነገሮች ላይ ቢያውል ይበልጥ ይጠቅመዋል። እነዚህም ገመዱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ውሉ፣ መንገዱና ጆሮው ናቸው።

ዝቅተኛና ወፍራም ድምፅ ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ዐሥር አውታር ያለው በገና በዐቢይ ጾም ሲደረደር የሰማ ሰው፣ እንዲህ ያለው ድምፅ ልብን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል። ዛሬ ቤዝ ጊታር የምንለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ግን የመጣው ከአሜሪካ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ቤዝ ይባል የነበረው ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ መሣሪያ ሲሆን፣ በጥሩንባና በከበሮ መካከል ድምፁ ይዋጥ ነበር፤ ለማጓጓዝም ያስቸግር ነበር። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ሊዮ ፌንደር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1951 «ፕሪሲዥን ቤዝ» የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ስሙ ትክክለኛነት ማለት ነው፤ በአንገቱ ላይ ብረቶች ስለ ተሰኩለት ጣት ያረፈበት ድምፅ ሳይዛባ ይወጣልና። በአገራችንም በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊትና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የጐለመሰው ዘመናዊ ሙዚቃ በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ አዲስ አበባ ሆቴሎች ሲሰፋ፣ ቤዝ ጊታር የባንድ ሁሉ አካል ሆነ። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ፣ ኋላም በአሜሪካ በአድማስ ባንድ የተጫወተው ሄኖክ ተመስገን በዚህ መሣሪያ ስማቸው የሚነሣ ሰዎች ናቸው።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ተጣለ የማታ ሙዚቃ ተዳከመ። ከዚያም ወዲህ በብዙ ስፍራ አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ጠቅልሎ የባንዱን ቦታ ወሰደ። ስለዚህ አንድ ባለ ሆቴል «ኪቦርዱ ቤዙን የሚመታ ከሆነ ለአንተ ስለ ምን እከፍላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱም፦ መኪናው የሚመታው የተሞላበትን ብቻ ነው፤ ሰው ግን ዘፋኙ ድምፁን ሲያስረዝም ይጠብቀዋል፣ ጨፋሪው ሲሞቅ ያበረታዋል፣ ዘፈኑ ወደ ሌላ ሲሸጋገር መንገዱን ያሳየዋል። ይህን የማያደርግ ቤዝ ተጫዋች ግን በእውነት ኪቦርዱ ይተካዋል። የመሣሪያና የአያያዝ ምክር ሁሉ የሚያገለግለው ተጫዋቹ ለዚህ ሥራ ሐሳቡ ነጻ እንዲሆን ነው።

እንግዲህ ስለ ግዢው እንናገር። ውድ ስም ያለው መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም፤ ደኅና ተደርጎ የተያዘ አሮጌ መሣሪያ ካልተስተካከለ አዲስ ይሻላል። ከመግዛትህ በፊት አራት ነገር መርምር። አንደኛ፣ መሣሪያውን እንደ ጠመንጃ በዐይንህ አነጣጥረህ አንገቱ የተጣመመ እንዳይሆን ተመልከት። ሁለተኛ፣ በየክሩ ላይ ከመጀመሪያው ብረት እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ድምፅ ምታ፤ የሚንዛዛ ወይም የሚታፈን ስፍራ ካለ እወቀው። ሦስተኛ፣ በ12ኛው ብረት ላይ ክሩን በጣትህ ነካ ብቻ አድርገህ የሚወጣውን ድምፅና፣ ተጭነህ የሚወጣውን ድምፅ አስተያይ፤ ሁለቱ አንድ ካልሆኑ መሣሪያው ወደ አንገቱ መጨረሻ ሲሄድ ቅኝቱን ይስታል። ይህ ግን በድልድዩ ላይ ባሉት ብሎኖች ሊስተካከል ስለሚችል ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት ይሁን እንጂ ለመተው ምክንያት አይሁን። አራተኛ፣ ማጉያው ላይ ሰክተህ የድምፁን መቆጣጠሪያ አዙር፤ የሚንጫጫ ከሆነ ማጽዳት ያሻዋል፤ ጃኩ የገባበትም ሥፍራ ሲነኩት ድምፅ የሚያቋርጥ ከሆነ መበየድ አለበት።

አራት ክር ወይስ አምስት? ለጀማሪና ለሆቴል ጨዋታ አራቱ ይበቃል። በአራቱ ላይ ከሁሉ ዝቅ የሚለው «ኢ» የተባለው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የአምስተኛው ክር ድምፅ ግን ወደ 31 ይወርዳል። በየሆቴሉ ያሉት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በሚገባ ማውጣት ስለማይችሉ፣ የከፈልህበት ክር ሳይሰማ ይቀራል።

ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፤ በጋ ሲሆን ይደርቃል፤ አንገቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ስታስተካክል ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አታዙር፤ አንድ ቀን ጠብቀህ ተመልከተው። እምቢ ካለም በጉልበት አትታገለው፤ ለሚያውቅ ሰው ስጠው። ከጨዋታ በኋላ ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ላብ ያዝገዋልና። አዲስ ክር ስታስገባም ገና ደኅና ድምፅ የሚሰጡትን አሮጌዎቹን አትጣላቸው፤ ጠቅልለህ በመያዣው ኪስ አኑራቸው። የቤዝ ክር እምብዛም አይበጠስም፤ በተበጠሰ ሌሊት ግን ጊምቢ ላይ ሆነህ የአዲስ አበባን መደብር አታገኘውም። ያገለገለ ክር ደግሞ አስቀድሞ ስለ ተሳበ ወዲያው ቅኝቱን ይይዛል።

ስለ ማጉያው ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዋት ቊጥር ነው። ባለ 200 ዋት ማጉያ ከባለ 100 ዋቱ እጥፍ የሚጮህ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ጆሮ የሚሰማው ጭማሪ ትንሽ ነው፤ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ ዐሥር እጥፍ መድረስ አለበት። የሰው ጆሮም ለዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ስለ ሆነ፣ ቤዝ ከሊድ ጊታር ጋር እኩል ለመሰማት ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ለሊድ ጊታር የተሠራ ትንሽ ማጉያ ላይ ቤዝ ሰክቶ መጮህም ስፒከሩን መቅደድ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች አንድ መጠነኛ የቤዝ ማጉያ ለራሱ መስሚያ ይይዛል፤ ለሕዝቡ የሚሰማውን ደግሞ ከማጉያው ወይም ከማገናኛ ሳጥን ወደ ሚክሰሩ ይልከዋል።

ስፒከር ስትጨምር የኦም ቊጥሩን አንብብ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ማጉያህ ከ4 ኦም በታች አልችልም የሚል ከሆነ ሦስተኛ መጨመር እርሱን ማቃጠል ነው። ማጉያውን ከስፒከሩ የሚያገናኘው ገመድም ጊታሩ የሚሰካበት ቀጭን ገመድ መሆን የለበትም፤ መልኩ ቢመሳሰልም በውስጡ ያለው ሽቦ ብዙ ኃይል ለመሸከም አልተሠራምና ይግላል። ሁለት የጊታር ገመድ፣ አንድ የስፒከር ገመድ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፊውዝና የእጅ ባትሪ ያለው ትንሽ ቦርሳ ከውድ ጊታር ይልቅ ጨዋታ ያድናል።

አሁን ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ወደ ሆነው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ ነው። የጊታር ክሮች በማጉያው በኩል ከመሬት መስመር ጋር የተያያዙ ናቸው። ማይክሮፎኑ ደግሞ በሚክሰሩ በኩል ከሌላ ሶኬት ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የአንዱ የመሬት መስመር የተቈረጠ ወይም ጨርሶ የሌለ ከሆነና በውስጡ ብልሽት ካለ፣ አንድ እጁ በክሩ ላይ ያለ ሰው ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎኑ ሲያስጠጋ 220 ቮልት በደረቱ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ይህ ተረት አይደለም፤ ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1972 በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ፣ የመሬት መስመር በሌለው ማይክሮፎን ምክንያት በኤሌክትሪክ ተይዞ ሞቷል።

ስለዚህ ወደ አንድ ሆቴል በደረስህ ጊዜ ከቅኝት በፊት ይህን አድርግ። የባንዱ ዕቃ ሁሉ የሚቻል ከሆነ ከአንድ መስመር፣ የመሬት ምላስ ካለው መከፋፈያ ይሰካ። ሦስት እግር ያለውን ስፒና ሦስተኛውን ቈርጦ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። በቴስተር የማይክሮፎኑን ብረት ንካ፤ ከበራ ማንም እንዳይቀርበው አድርገህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ። ማጉያው «እምም» የሚል ድምፅ የሚያሰማም እንደ ሆነ ለጸጥታው ሲባል የመሬቱን መስመር አትቍረጥ፤ ለዚህ ተብሎ በማገናኛ ሳጥኑ ላይ የተሠራ ቁልፍ አለ። የመብራቱ ጉምጉምታ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ሲሆን ቤዙ ላይ ካለው «ጂ» ድምፅ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ባንዱ ሲጫወት ይደበቃል፤ መስማት ያለብህ ከጨዋታው በፊት በጸጥታ ነው። ባለ ሆቴሎችም በ30 ሚሊ አምፔር የሚቈርጥ መከላከያ በመድረኩ መስመር ላይ ቢያስገቡ፣ ወጪው ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ወለጋ የፊንጫ ውሃ አገር ናት፤ ከፊንጫ የሚመነጨው ኃይል ለአገር ይተርፋል። ሆኖም በየከተማው መብራት በድንገት መጥፋቱ የታወቀ ነው። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ማጉያህን አጥፋ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ፣ ወይም መብራቱ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋ ድረስ አታብራ፤ ብዙ ማጉያ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን በኃይል ሲመለስ ነውና።

አዳራሹንም ማወቅ ያስፈልጋል። የ«ኢ» ክር ድምፅ ሞገዱ 8 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህም ከብዙው የሆቴል ክፍል ስፋት ይበልጣል። ስለዚህ ድምፁ ከግድግዳ እየተመለሰ በአንዱ ጥግ ይበዛል፤ በሌላው ይጠፋል። ማጉያህን በክፍሉ ማዕዘን ብታስቀምጠው ድምፁ ይወፍራል፤ ነገር ግን ይደበላለቃል፤ የቆርቆሮው ክዳንም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከማዕዘኑ አውጣው፤ በወንበር ላይም ከፍ አድርገህ ወደ ጆሮህ አቅርበው። ረጅም ገመድ ካለህ በፍተሻው ጊዜ እንግዶቹ ወደሚቀመጡበት ሄደህ ስማ፤ ከመድረኩ የሚሰማውና ከአዳራሹ የሚሰማው አንድ አይደለም።

ወደ ጨዋታው ስንመለስ፣ የቤዝ ተጫዋች የመጀመሪያ ባልንጀራ የከበሮ መቺው ቀኝ እግር ነው። በብዙ ዘፈኖቻችን ያለው ስድስት ምት በሁለት ትልልቅ ምቶች ሊከፈል ይችላል፤ በሦስትም ሊከፈል ይችላል። ሁለታችሁ በአንድ አከፋፈል ካልተስማማችሁ ጨፋሪው እግሩን የት እንደሚጥል ይቸግረዋል። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ያሉት ድምፆች አምስት ብቻ ስለ ሆኑ፣ ከእነርሱ ውጭ ያለ አንድ ድምፅ በወፍራሙ ክር ላይ ቢወጣ ቅኝቱን ሁሉ ያፈርሳል። በነቀምት አንድ ማታ ውስጥ የኦሮምኛውም የአማርኛውም ዘፈን ይጠየቃል፤ ዘፋኙም ሲደክመው ዘፈኑን ዝቅ ባለ ድምፅ ማንሣቱ አይቀርም። ስለዚህ በልቅ ክር ላይ አትደገፍ፤ አካሄዱን በጣት አጠና። ኪቦርድ ተጫዋቹንም ግራ እጁን ከዝቅተኛው ድምፅ እንዲያነሣ በትሕትና ለምነው፤ በአንድ ቤት ሁለት መሠረት አይቈፈርም።

ስለ ውል ደግሞ፣ የጽሕፈት ቤት ሰው የሆነ አንባቢያችን ወረቀት ከቃል እንደሚበልጥ ማስረዳት አያሻውም። ቀኑና ሰዓቱ፣ የዕረፍቱ ብዛት፣ ጠቅላላው ክፍያና ቀብዱ፣ ራትና አልጋ፣ መጓጓዣ፣ የድምፅ መሣሪያውን ማን እንደሚያቀርብ፣ መብራት ቢጠፋ ክፍያው እንዴት እንደሚሆን፣ ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፤ ሽልማት ነው። እንግዳው ብሩን የሚለጥፈው በዘፋኙ ግንባር ላይ ነው፤ ከኋላ ለቆመው የሚደርሰው የለም። የሽልማቱ አከፋፈል ከጨዋታው በፊት ካልተነገረ፣ ባንድ የሚፈርሰው በሙዚቃ ሳይሆን በዚህ ነው። ሥራውም ወቅት አለው፤ ቡናው በሚሸጥበት ወራትና በጥር የሰርግ ሰሞን ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም ይቀዘቅዛል። በጥር ያገኘኸውን በጥር ከጨረስኸው፣ በጾሙ ወራት ጊታርህን መሸጥህ ነው።

መንገዱ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከነቀምት ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ጸጥታ በመታወኩ፣ መንገድ የተዘጋበትና በከተሞች የሰዓት እላፊ የታወጀበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከመነሣትህ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ከተጓዙ ሾፌሮችና ከከተማው አስተዳደር ጠይቅ፤ በቀን ሂድ፤ ከጨዋታ በኋላም ሌሊት አትመለስ። በውሉ ላይ አልጋ ይጻፍ ያልነው ለምቾት ሳይሆን ለዚህ ነው። «ነገ ጥዋት በ2 ሰዓት ተኩል ቢሮ መግባት አለብኝ» የምትል እንደ ሆነ በሥራ ቀን ወደ ሩቅ ከተማ የሚያስኬድ ጨዋታ አትቀበል። የመንግሥት ሥራም ሙዚቃም ሁለቱ የተከበሩ ናቸው፤ በአንዱ ምክንያት ሌላውን ማበላሸት ግን ሁለቱን ማዋረድ ነው። እንግዳው የሚልክልህንም መጠጥ አመስግነህ አቆየው፤ የሰከረ ቤዝ ተጫዋች ባንዱን ሁሉ ያሰክራል።

በመጨረሻም ስለ ጆሮ። የሊቃውንቱ መመዘኛ እንደሚያስረዳው 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ለ8 ሰዓት፣ 94 የሆነው ለ1 ሰዓት፣ 100 የሆነው ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ያለ ከባድ ጉዳት ሊሰማ ይችላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በጠባብ አዳራሽ ከከበሮው አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል። ከጨዋታ በኋላ ጆሮህ የሚጮህ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። የሞተ ጆሮ አይድንም፤ የጆሮ መሰኪያ ግን በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ባንዱም በሙሉ ድምፁን ጥቂት ቢቀንስ፣ እንግዶቹ ተጨዋውተው ሌላ መጠጥ ስለሚያዝዙ ባለ ሆቴሉ ራሱ ደስ ይለዋል።

አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሙዚቃ ወዳለበት ቤት ስትገባ ከኋላ የቆመውን ሰው አንድ ጊዜ ተመልከተው። ተጫዋች ከሆንህም መታየትን አትሻ፤ መሰማትህ ይበቃል። ገመዱን የፈተሸ፣ ስፒናውን ያየ፣ ውሉን የጻፈ፣ በቀን የተጓዘ ሰው ማታ በሰላም ይጫወታል፤ ጥዋትም በሰላም ቢሮው ይገባል።